ከሐረጎ በላይና ከሐረጎ በታች፦ አዲስ ዓሣ ስንት ቀን ለብቻው ይቆይ?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሐረጎ የምለው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን ዳገት ነው። ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ምላሾቹ 24 ደርሰዋል፤ አሁን አሁን መጨረሻውን ብቻ አንብቦ መጀመሪያ ላይ የተመለሰውን ደግሞ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። ስለዚህ የተባለውን በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጠዋለሁ። ያልተስማማሁበትንም እናገራለሁ።

የጠየቅኩት ይህን ነበር። የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ሳሎናችን ውስጥ 120 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አለ። የገዛሁት እኔ ብሆንም ባለቤቱ አባቴ ነው፤ ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው አራቱን ጎልድፊሾች እያየ ነው፤ ለእያንዳንዳቸውም ስም አውጥቶላቸዋል። ለመስቀል አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ደስ እንዲለው ሦስት ይዤለት መጣሁ። የዘጠኝ ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ነው። ቤት ስደርስ መሽቶ ነበር፤ ፌስታሉን ቀደድኩና ከነውሃው ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት። ስምንት ቀን ሁሉም ደህና ነበሩ። በዘጠነኛው ቀን ከአዲሶቹ የአንዱ ጭራ ላይ ደቃቅ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ አየሁ። ከዚያ ገላቸውን ከጠጠሩ ጋር ማሸት ጀመሩ፤ ወደ ውሃው ፊት እየወጡ አየር ይጎነጫሉ፤ ምግብ ተዉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሰባቱ አምስቱ ሞቱ፤ ሦስቱም አዲሶች፣ ከአባቴም ሁለቱ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ሌላ ከማምጣቴ በፊትስ ምን ላዘጋጅ?

1ኛው ምላሽ ለአባቴ ጤና ተመኝቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የውሃው ሙቀት ስንት ነው? ለካሁት። ጠዋት 15፣ ከሰዓት በኋላ 17 ዲግሪ። ክርክሩ ሁሉ በዚህ ቁጥር ዙሪያ እንደሚዞር ያኔ አልገመትኩም።

2ኛው በአንድ መስመር የፌስታል ውሃ ገንዳ ውስጥ እንደማይገባ ጻፈ፤ ዓሣው ብቻ በመረብ ይወጣል፣ ውሃው ይደፋል። በዚህ ላይ እስከ መጨረሻው ማንም አልተከራከረም።

3ኛው አራት ዓመት ሙሉ አዲስ ዓሣ በቀጥታ እየጨመረ አንድም እንዳልሞተበት ገልጾ፣ ለይቶ ማቆየት ጊዜ የተረፈው ሰው ሥራ ነው አለ። ስሜቴ ተነካ፤ ግን አልመለስኩለትም። መልሱን ያገኘው ከሌላ ሰው ነው፤ እሱን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

4ኛው ከኩታበር የጻፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ዓሣ አርብተው እንደማያውቁ ቀድመው ተናገሩ፤ በግ ነው የሚያውቁት። ከገበያ የመጣ በግ የዚያኑ ዕለት ከመንጋው አይቀላቀልም አሉ። ከቤቱ ጥግ ለብቻው ይታሰራል፣ ለብቻው ይበላል፣ ለብቻው ይጠጣል፤ ይስላል ወይ፣ አፍንጫው ይዝረከረካል ወይ፣ እከክ አለበት ወይ ተብሎ ሳምንታት ይታያል። ዓሣው ከዚህ በምን ይለያል ብለው ጠየቁ። ጋሼ፣ በምንም አይለይም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አያቴ ቤት ሳየው ኖሬ ለዓሣው አለማሰቤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከ5ኛው ጀምሮ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን ገዝቼ ካፕሱሉን እየከፈትኩ ገንዳው ውስጥ እንድበትን መከረ፤ እሱ ለሁሉም በሽታ የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። 6ኛው የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ ያለች ልጅ ናት፤ ሳትለሳለስ መለሰች። ዓሣ አርቢዎች ኢክ የሚሉት ይህ ነጠብጣብ ባክቴሪያ ሳይሆን አንድ ሕዋስ ያለው ጥገኛ ነው፤ ቴትራሳይክሊን አይነካውም። ይልቅስ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ሰፍረው የዓሣውን ኩስ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል፤ ያኔ በበሽታው ላይ መመረዝ ይጨመርበታል። ሰው የሚድንበትን መድኃኒት በዚህ መልክ ማባከን ባክቴሪያዎችን መድኃኒቱን ማላመድ መሆኑንም ጨመረች።

የጥገኛውን ኑሮ ያስረዳችው በዚሁ ምላሽ ነው፤ ከክሩ ሁሉ አንድ ብቻ አንብብ ብባል ይህን እመርጣለሁ። የምናየው ነጭ ነጥብ ጥገኛው ራሱ ነው፤ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተቀብሮ ይመገባል። ሲጠግብ ቆዳውን ቀዶ ይወጣና ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል፣ ራሱን በሽፋን ይጠቀልላል፣ እዚያ ውስጥ እየተከፋፈለ በመቶዎች፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሺህ የሚደርሱ ልጆች ያፈራል። ልጆቹ ወጥተው እየዋኙ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በሁለት ቀን ገደማ ካላገኙ ያልቃሉ። መድኃኒቱም ጨውም የሚደርስባቸው በዚህች በሚዋኙባት ጊዜ ብቻ ነው። ቆዳ ሥር እያሉ አይነኩም፤ በሽፋኑ ውስጥ እያሉም አይነኩም። አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው የማይረባው ለዚህ ነው። ሌላም አለ፤ ጥገኛው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚይዘው ስንጥቡን፣ ማለትም መተንፈሻውን ስለሆነ ገላው ንጹሕ የሚመስል ዓሣ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ያ ስምንት ቀን ደህና ነበሩ ያልኩት ነገር ደህንነት አልነበረም ማለት ነው።

7ኛው የ5ኛው ሰው መልስ ነው። በዲግሪ አትመኩብን የሚል ቁጣ ነበረበት፤ ስለ ዓሣው ግን የተናገረው የለም። ልዝለለው።

8ኛው ኮምቦልቻ የሚያስተምር መምህር ነው፤ አሠራሩን ከነዕቃው ዘረዘረ። አርባ ሊትር የሚይዝ የላስቲክ ሳፋ ከገበያ ይገዛል። ጠጠርም ተክልም አይገባበትም፤ ባዶ ወለል ለማጽዳትም ለማየትም ይመቻል። መደበቂያ የሚሆን አንድ ቁራጭ የውሃ ቱቦ ይጋደምበታል፤ መሸሸጊያ ያጣ ዓሣ ሲደነግጥ ይውላል፣ የደነገጠ ዓሣ ደግሞ ለበሽታ ቅርብ ነው። ከአየር ፓምፕ ጋር የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይገባል፤ ስፖንጁ ቀደም ብሎ በዋናው ገንዳ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ባክቴሪያ ያፈራ ቢሆን ይመረጣል። በመጀመሪያው ቀን መብራት አይበራም፣ ምግብም አይሰጥም። መረቡም ባልዲውም የሳፋው ብቻ ናቸው፤ እጅ ከሳፋው ወደ ገንዳው ከመሄዱ በፊት ይታጠባል። በመጨረሻም በዚህ ሁኔታ 14 ቀን ይበቃል አለ፤ እሱ ዘንድ ሁልጊዜ በቅቶታል።

9ኛዋ እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። መምህሩን አመሰገኑ፤ ከዚያ ቀኑን ብቻ ነጥለው አረሙት። የጥገኛው ዕድሜ በሙቀት ነው የሚለካው። ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆን ዙሩን ከ4 እስከ 6 ቀን ይጨርሳል፤ 15 ዲግሪ ሲሆን 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ 10 ዲግሪ ላይ ከአንድ ወርም ያልፋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። እዚያ በ14 ቀን ውስጥ በሽታው ሁለት ሦስት ጊዜ ተራብቶ ራሱን ያሳያል። ደሴ ባልሞቀ ሳፋ ውስጥ ግን በ14 ቀን ከአንድ ዙር ብዙም አያልፍም፤ ስንጥብ ላይ ያሉ ሁለት ሦስት ጥገኞች ሳይታዩ ከዓሣው ጋር ዋናው ገንዳ ይገባሉ። ስለዚህ ደሴ ያለ ሰው ሁለት ምርጫ አለው፤ ሳፋውን በማሞቂያ 24 ወይም 25 ዲግሪ አድርሶ አራት ሳምንት መጠበቅ፣ አለዚያ በቅዝቃዜው ስድስት ሳምንትና ከዚያ በላይ መታገስ። ነጥብ ከታየ ደግሞ ቆጠራው የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋበት ቀን እንደገና ከአንድ ይጀምራል።

ለ3ኛው ልጅም መልሳቸው ይኸው ውስጥ ነበር። ከበሽታው የተረፈ ዓሣ የተወሰነ የመከላከል አቅም ያበጃል፤ ግን ጥቂት ጥገኛ ይዞ ሊኖር ይችላል። አራት ዓመት ምንም አልሆነም ማለት በገንዳው ውስጥ በሽታ የለም ማለት አይደለም። ልጄ ሆይ ብለው ነው የጻፉለት፤ እሱም ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

እኔን ደግሞ ለይተው አስጠነቀቁኝ። የመምህሩ የስፖንጅ ምክር ጤነኛ ገንዳ ላለው ነው። የእኔ ገንዳ ገና ከበሽታ የወጣ ስለሆነ ከእሱ የወሰድኩት ስፖንጅ በሽታውን ወደ ሳፋው ይዞ ይሄዳል። አዲስ ስፖንጅ ልጠቀም፤ ባክቴሪያው እስኪያድግ ድረስ በየቀኑ ሲሶውን ውሃ ልቀይር። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀንና ሌሊት ክፍት ዕቃ ውስጥ ማሳደር፣ ከዚያም የሳፋውን ሙቀት ሳያደርሱት አለመጨመር። ይህን ባይነግሩኝ የ8ኛውን ምክር እንዳለ ወስጄ ያንኑ ስህተት በሌላ በር አስገባው ነበር።

10ኛው መምህሩ ነው፤ ሐረጎን ወጥቶ የሚያድር ሰው ብርድ ልብስ እንደሚጨምር እያወቀ ለዓሣው አለማሰቡን አምኖ ቀኑን አረመ። ክርክር እንዲህ ሲያልቅ ደስ ይላል።

11ኛዋ ተማሪዋ ተመልሳ ነው። ማሞቅ ለደሴ ሌላ ዋጋ አለው አለች። ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ25 ዲግሪ ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ የሚይዘው 6 ገደማ ነው። ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። ስንጥቡ የተጎዳ ዓሣ ይህን አይችልም። ስለዚህ ደሴ ውስጥ ማሞቂያ የሚያስገባ ሰው የአየር ፓምፑን ቀድሞ ያስገባ፤ ሙቀቱንም በቀን ከአንድ ሁለት ዲግሪ በላይ አይጨምር።

12ኛው መብራት ሲጠፋስ ብሎ ጠየቀ፤ ራሱም መለሰ። ሳፋውን በጋቢ ይጠቀልለዋል፣ ላዩን ለአየር ክፍት ይተዋል፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለው። 

13ኛው የጨው መጠን ሰጠ፤ በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም፣ በሌላ ዕቃ ተሟሙቶ፣ በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ተከፍሎ የሚጨመር። እሱ የሚጠቀመው የአፋር ጨው ነው። 14ኛው አዮዲን ያለው የገበታ ጨው ዓሣ እንደሚገድል አጥብቆ ተናገረ። ይህ ብዙ ቦታ የሚወራ ነው፤ ግን በገበታ ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዚህ መጠን ዓሣ አይጎዳም። ተክል ያለበት ገንዳ ውስጥ ጨው አለመጨመር ግን ተገቢ ነው፤ ተክሉ ይቃጠላል።

15ኛው በዚያ መንገድ ለንግድ የሚመላለስ ሰው ነው፤ ስለ ጉዞው የነገረኝን አላውቀውም ነበር። ፌስታሉ አዲስ አበባ ከታሰረ በኋላ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እዚያ ይነፋል፣ ይቀዘቅዛልም። ከዚያ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲገባ ይሞቃል፤ ደሴ ሲደርስ እንደገና ይቀዘቅዛል። በአንድ ቀን ቆላና ደጋ የሚፈራረቅበት ዓሣ ታሞ ባይመጣ እንኳ ደክሞ ይመጣል። ከፌስታሉ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው አየር ይሁን፤ ፌስታሉ ድርብ ይሁን፤ በጋቢ ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ይቀመጥ፤ ጨለማው ራሱ ያረጋጋዋል። ሻጩም ዓሣውን ከመንገዱ በፊት አንድ ቀን እንዳያበላው ይነገረው፤ ሆዱ ባዶ የሆነ ዓሣ የሚጓዝበትን ውሃ ብዙ አያቆሽሽም።

በ16 እና በ17 መካከል የነበረው ጠብ በሁለት ጎን ያሉ ሰዎች ሁለቱም እውነት ይዘው ሊጣሉ እንደሚችሉ አሳየኝ። 16ኛው ፌስታሉን ከፍቶ በግሉኮስ ላስቲክ የገንዳውን ውሃ ሁለት ሰዓት ጠብ ጠብ እያደረጉ ማላመድን መከረ፤ ያለዚያ ዓሣ የሚገዛ ሰው ጨካኝ ነው አለ። 17ኛው ለዘጠኝ ሰዓት መንገድ ይህ ራሱ መግደያ ነው ብሎ ተነሳበት። ምክንያቱን ግን በደንብ አስረዳ። በታሰረው ፌስታል ውስጥ ከዓሣው የወጣ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ዓሣው የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ተጠራቅሞ ውሃውን ወደ አሲድነት ስለሚያደላው አሞኒያው ብዙም በማይጎዳ መልኩ ይቆያል። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ ያ የተጠራቀመው አሞኒያ ወደ መርዛማ መልኩ ይለወጣል። በዚያ ውሃ ውስጥ ሁለት ሰዓት ማቆየት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። 18ኛው፣ ማለትም 16ኛው ሰው ተመልሶ፣ አንድም ስድብ አልቀረውም፤ አወያዩ ግማሹን ሰረዘው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ 25 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ የመጣ ዓሣ ቀስ ብሎ ቢለማመድ ጥሩ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ግን ፌስታሉ ሳይከፈት ሳፋው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ይስተካከል፤ ከተከፈተ በኋላ ወዲያው ዓሣው በመረብ ይግባ። ሳፋውን ቀድሞ ከሻጩ ውሃ ሙቀት ጋር አቀራርቦ ማዘጋጀት የጠብ ጠቡን ሥራ ግማሹን ይሠራል።

19ኛው ያመመኝ ነው። በ120 ሊትር ሰባት ጎልድፊሽ ያጨቀ ሰው በሽታ ነው የገደለብኝ አይበል አለ። ጎልድፊሽ ያድጋል፣ ብዙ ይኮሳል፣ ለአንዱ ቢያንስ 40 ሊትር ያስፈልገዋል፤ ጥበቱ አስጨንቆ አደከማቸው፣ ነጭ ነጠብጣቡ የመጣው በደከመ ገላ ላይ ነው። 20ኛው የታመመ አባት ላለው ሰው እንዲህ አይጻፍም ብሎ ተቆጣው። ስለ እኔ መቆርቆሩን አመሰግናለሁ፤ 19ኛው ግን ልክ ነው። አራቱ ራሳቸው ለዚያ ገንዳ ብዙ ነበሩ። አሁን ሁለት ቀርተዋል፤ የምጨምረው አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ ክሩ ከደሴ በስተሰሜን ወዳለው፣ ስሙም ሐይቅ ወደሆነው ሐይቅ ሄደ። 21ኛው ከሐይቅ ዳር የውሃ ተክል ነቅሎ ገንዳው ውስጥ መትከል በነጻ እንደሚገኝ ጻፈ፤ 22ኛው ደግሞ የሐይቅን ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ አንስቶ ስንቱን ሰው ምራቅ አስዋጠ። ወደ ቁም ነገሩ የመለሱን 23ኛዋ፣ ነርሷ ናቸው። ከሐይቅና ከወንዝ ከሚነቀል ተክል ጋር የዓሣ ጥገኛም ቀንድ አውጣም ይመጣል፤ ቢልሃርዚያ ወደ ሰው የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል እንደሆነ ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም። በተቃራኒውም የሰለቸንን ዓሣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ቦርከና ወንዝ መልቀቅ አይገባም። ቆሮሶው ራሱ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቅ ውስጥ ሰው የጨመረው ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላ የሚያወጣው እንደሌለ ከዚህ ይታያል። እኛ የምንለቀው ጎልድፊሽ ደግሞ በሽታውንም ይዞ ነው የሚሄደው።

24ኛው የእኔ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት። አርባ ሊትር ሳፋ፣ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትርና ለሳፋው ብቻ የሆነ መረብ ገዛሁ። በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ጎልድፊሽ በካርቶን፣ በጋቢ ተጠቅልሎ መጣ። ሳፋው 24 ዲግሪ ነው። አሥራ ስድስት ቀን ምንም አልታየበትም። በ17ኛው ቀን የጎን ክንፉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ወጣች። የመምህሩን የድሮ 14 ቀን ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ከአባቴ ዓሣዎች ጋር ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ጨው በሊትር 2 ግራም ጨመርኩ፣ ወለሉን በየቀኑ በቀጭን ላስቲክ መጠጥኩ፣ ያወጣሁትን ያህል ውሃ በዚያው መጠን ጨው ጨምሬበት ተካሁ። ነጥቡ ወደ አምስት ደረሰ፤ በ23ኛው ቀን አንድም አልቀረም። ከዚያ ወዲህ እንደገና ከአንድ ጀምሬ እየቆጠርኩ ነው፤ ዛሬ 11 ነው፤ 28 እስኪሞላ አይገባም። ይበላል፤ ገላውን አያሽም።

አባቴ ወንበሩን ከገንዳው አንስተን ሳፋው አጠገብ እንድናደርግለት ጠይቆ አሁን እዚያ ነው የሚቀመጠው። ስም ግን አላወጣለትም። ገንዳው ሲገባ አወጣለታለሁ ብሏል።